የጣራው ዘበኛ ስልክ

ኑንዚያታ ካፊየሮ ስልከኛ የሆነችው አባቷን ለማናደድ ብላ ነው። በ1959 ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ አባቷ ታላቅ እህቷ ፒና በምትሠራበት የቀሚስ ፋብሪካ ወንበር አስይዘውላት ነበር። እሷ ግን ሥራ ትጀምራለች በተባለበት ሰኞ ጠዋት በባቡር ከብሩክሊን ወደ ማንሃታን ተሻገረችና፣ ሌክሲንግተን ጎዳና ላይ «ስልከኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን በር ገፍታ ገባች። የምን መሥሪያ ቤት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም።

ማታ አባቷ «ምን የሚሠራ ቤት ነው?» አሏት።

«መጽሔት።»

«የምን መጽሔት?»

«የሥዕል።»

እሳቸው የሥዕል መጽሔት ሲባል ሌላ ነገር መሰላቸውና ለአንድ ሳምንት ያህል አላናገሯትም። ፒና ናት ኋላ ከጋዜጣ መደብር አንዱን ገዝታ መጥታ ጠረጴዛው ላይ የጣለችላቸው። «ያውልህ ባባ፤ የውሻ ወሬ ነው። ውሻ ሲያወራ!» አለቻቸው። አባትየው ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና ከበፊቱ ይበልጥ አዘኑ ይባላል።

መሥሪያ ቤቱ ኬስትረል ይባል ነበር። ለልጆች በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች ነበር የሚያሳትመው፤ የካውቦይ፣ የጠፈር፣ የሚያወሩ ውሾች። ሁላችንንም ያኖረን ግን የጣራው ዘበኛ ነው። እሱም ሲመሽ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርቱን ለብሶ፣ እርግቦቹን አስከትሎ፣ በኒው ዮርክ ጣራዎች ላይ በእንጨት የውሃ በርሜሎች መካከል እየተራመደ ከተማዋን የሚጠብቅ ሰው ነው። አይበርም፣ ጥይት ይመታዋል፣ ብርድም ይበርደዋል። ቀን የት እንደሚውል መጽሔቱ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ ልጆቹ ወደ ቢሮ የሚደውሉትም ይህንኑ ለማወቅ ነበር።

እኔ በ1966 ከደቡብ ብሮንክስ መጥቼ የአራሚዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ሠዓሊዎቹ የሳቱትን በነጭ ቀለም እየሸፈንኩ ማስተካከል ነበር፤ ስድስተኛ ጣት፣ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ኪስ፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ። ጠረጴዛዬ ከኑንዚያታ የስልክ ማዞሪያ ጀርባ ስለነበር ብዙ ዘመኔን ጀርባዋን እያየሁ፣ ድምፅዋን እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ ታስራለች። ጆሮዋ ላይ የምትሰካውን መስሚያ ላለማበላሸት በግራ ጆሮዋ ጉትቻ አታደርግም። ቢሮው ማስቲሽና ቀለም፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ማሞቂያው ላይ የተሰጣ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። አሁን ያ ሽታ ከዓለም ላይ የጠፋ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የሰማሁት የልጅ ስልክ እንዲህ ነበር። ማዞሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ስለነበራት፣ ደስ ሲላት እኛም እንድንሰማ ትከፍተዋለች።

«ሄሎ? የጣራው ዘበኛ አለ?»

«ማን ልበል?»

«ዋልተር ነኝ። ከኒውርክ።»

«ዋልተር፣ የኔ ጌታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ አሁን ገና ጋደም ማለቱ ነው። ልቀስቅሰው?»

«አይ፣ አይ! ይተኛ።»

«ሲነሣ ምን ልበልልህ?»

«እኛ ሰፈር ብስክሌት የሚሰርቅ ሰው አለ ይበሉልኝ።»

«ሌባውን ታውቀዋለህ?»

«አዎ። ወንድሜ ነው።»

ሁላችንም በእጃችን አፋችንን ይዘን ሳቅን፤ እሷ ግን ፊቷ ላይ አንድ ጅማት አልተንቀሳቀሰም። «እሺ ዋልተር፣ እነግረዋለሁ። እስከዚያው አንተ ለእናትህ ንገራት፤ እሷ የቀን ዘበኛ ናት» አለችው።

በዚያ ሁሉ ዓመት «ቀስቅሺው» ያለ አንድም ልጅ አልነበረም። ይህን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ከወንበራቸው የማይነሡ፣ አፋቸው የማይዘጋ፣ የጎረቤት መስኮት የሚሰብሩ ልጆች ናቸው፤ የደከመ ሰው ተኝቷል ሲባሉ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከልጆቹ ሌላ በየቀኑ የሚደውል አንድ ሰው ነበር፤ ሞሪ ዜልኒክ። የጣራውን ዘበኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚስለው እሱ ነው። ሺፕስሄድ ቤይ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከሴት ልጁ ከማርሲያ ጋር ብቻ ይኖር ነበር። እጁ ወርቅ ነው። ታዲያ በቀጠሮው ቀን ሥራ አስረክቦ አያውቅም። ጠዋት ቢሮ ገና ሲከፈት ይደውላል።

«ኑንዚ፣ ሌስተር ገብቷል?»

«ገብቷል። እየጮኸ ነው።»

«በእኔ ነው?»

«ለጊዜው በአታሚው ነው። ተራህ ግን ደርሷል።»

«ዛሬ አይደርስልኝም በይው።»

«እኔ? አፍ የለህም? ራስህ በለው!»

«አንቺ ስትዪው ይሻላል፤ አንቺ ላይ አይጮህም። ቀለም ተደፋበት በይው።»

«ቀለሙን ባለፈው ሳምንት ደፍተኸዋል፣ ሞሪ። እህ... የማርሲያ ጥርስ ቢታመምስ?»

«የማርሲያ ጥርስ! እግዜር ይስጥሽ። አንቺ እኮ ደራሲ መሆን ነበረብሽ።»

ሌስተር ማንደልባውም የኬስትረል ባለቤት ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ድምፁ ግን እስከ መንገድ ማዶ ይሰማል። ሁሌ ይጮሃል፣ ማንንም አያባርርም። ኑንዚያታ የማርሲያን ጥርስ ስትነግረው፣ «ያቺ ልጅ ስንት ጥርስ ነው ያላት? አዞ ናት?» ብሎ ጮኾ ወደ ክፍሉ ይገባል። ሞሪ በሦስተኛው ቀን ገጾቹን ይዞ ሲመጣ ግን ሌስተር አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ አቁሞ ያያቸውና፣ እንደገና እስኪጮህ ድረስ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። እኛ ያቺን ዝምታ እንጠብቅ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን አረጀን። ኑንዚያታ አላገባችም። ስታተን አይላንድ ላይ አንድ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ለረጅም ጊዜ ደጅ ጠንቷት ነበር፤ «ሲበላ ይናገራል፣ ሲናገር ይበላል» ብላ ተወችው። ወላጆቿ ሲሞቱና የፒናም ባል ሲከተል፣ ሁለቱ እህትማማቾች ቤንሰንኸርስት ባለው የአባታቸው ቤት ታችኛው ፎቅ ላይ አብረው ተቀመጡ።

ሌስተርም በሰባ ስምንት ዓመቱ ልቡ ከዳው። ልጆቹ አንዱ የዓይን ሐኪም፣ አንዷ በቺካጎ አስተማሪ ነበሩ፤ መጽሔት የማስተዳደር ፍላጎት አልነበራቸውም። ለካሊፎርኒያ ሸጡን። የገዛን ኩባንያ ፊልም የሚሠራ፣ መጫወቻ የሚሸጥ፣ መዝናኛ መናፈሻ ያለው፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ያለው ግዙፍ ነገር ነው። ስም አለው፤ ግን እኛ በስሙ ጠርተነው አናውቅም። «ካሊፎርኒያ እንዲህ አለች»፣ «ካሊፎርኒያ ተቆጣች» እንል ነበር፤ ልክ እንደ አማት።

ሽያጩ የተነገረን ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነው። ከካሊፎርኒያ የመጣው ሰውዬ ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ሽክ ባለ ኮት ላይ ከረባት ሳያስር፣ ፈገግ ብሎ ቆመ። ልጅ ሳለ አልጋው ውስጥ በባትሪ ብርሃን የጣራውን ዘበኛ ያነብ እንደነበር ነገረን፤ እውነቱን እንደሆነም ከዓይኑ ታውቆናል።

«የምንገዛችሁ ስለምንወዳችሁ ነው» አለ። «ምንም ነገር አይለወጥም።»

ኑንዚያታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አባቴም እናቴን ከናፖሊ በመርከብ ሲያመጣት እንዲሁ ነው ያላት» አለች።

ክፉ ሰዎች ነበሩ ብል ግን እዋሻለሁ። ጀርባችንን የማያሳምም ወንበር ገዙልን። የሕክምና ዋስትናችን ተሻሻለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ፍራፍሬ ይመጣል። ለሞሪ ጥሩ ጡረታ ቆረጡለት፤ መጽሔቱን ለአንድ ወጣት ሠዓሊ ሰጡና እሱን «የክብር ሠዓሊ» አሉት። «የክብር ማለት በሕይወት ያለ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። እኛም ፎቶ ያለበት መታወቂያ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን መግባት ጀመርን። ሠላሳ ዓመት የሚያውቀኝ የበር ጠባቂ «ኤፍሬን፣ መታወቂያህ» ሲለኝ ከእኔ ይልቅ እሱ አፈረ።

ከዚያ ወደ ስልኩ መጡ።

ትሬቨር ሃስኪንስ የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበራቸው። አንድ ቀን የኑንዚያታ ማዞሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ስልክ ጮኸ። አንዲት ልጅ ናት፤ ከሆቦከን። ኑንዚያታ እንደ ልማዷ «ተኝቷል የኔ እመቤት» አለችና መልእክቷን ተቀበለች። ዘጋች። ሃስኪንስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ ሚስ ካፊየሮ። አሁን... ማን ነው የተኛው?»

«የጣራው ዘበኛ ነዋ!»

«አዎ፣ ግን... እንዲህ ማለት አይችሉም። ማለቴ፣ የጣራው ዘበኛ የኩባንያው ንብረት ነው። የሚለውንና የሚያደርገውን የሚወስን ክፍል አለ።»

«እኔ እኮ አለ ያልኩት ነገር የለም። ተኝቷል ነው ያልኩት። የተኛ ሰው ምን ይላል?»

«መተኛቱም ቢሆን፣ ሚስ ካፊየሮ። በይፋ የሚተኛ መሆኑ አልተወሰነም።»

ከአራሚዎች ጠረጴዛ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሃስኪንስ ቀላ። ኑንዚያታ ግን አላላገጠችበትም፤ ወንበር ሳበችለት።

«ተቀመጥ የኔ ልጅ። ታዲያ ምን ልበላቸው? የለም ልበል? የለም ካልኩ ያለቅሳሉ። አለ ካልኩ አገናኚን ይላሉ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ወንበር፤ ሌላ መልስ ካገኘህ እሱን እናገራለሁ።»

ሃስኪንስ ተቀምጦ አሰበ። እውነት አሰበ። መጨረሻ ላይ «ካሊፎርኒያን ልጠይቅ» ብሎ ተነሣ። ካሊፎርኒያ መልስ ሰጠች፤ ስልኩን ሰው ማንሣት የለበትም አለች።

እናም ማሽኑ ገባ። «ለሽያጭ አንድን ይጫኑ፣ ለማስታወቂያ ሁለትን ይጫኑ» የምትል ለስላሳ የሴት ድምፅ። የመጀመሪያ ቀን ኑንዚያታ መንገድ ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ሄዳ ደወለችና አዳመጠቻት። ተመልሳ ስትመጣ «እንዴት ናት?» አልኳት።

«ጎበዝ ናት። ድምፅዋ የታጠበ ነው» አለች። ኮቷን ሰቅላ ተቀመጠችና፣ «ግን ልጆቹ ስንተኛውን ይጫኑ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እሷን እንግዳ ተቀባይ አድርገው በሩ ጋ አስቀመጧት። ሁለት ዓመት ገደማ እዚያ ቆየች። ከዚያ ቢሮው ታይምስ ስኩዌር አጠገብ ወዳለ መስታወት ፎቅ ሊዛወር ሆነ፤ አዲስ ስልክ፣ አዲስ ቁጥር። ኑንዚያታም ጡረታዬን አለች።

የስንብቷ ቀን ክፍሉ ሞላ። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ፣ ደግ ሴትዮ ነበረች፣ አቅፋ ይዛት «ኩባንያው ስጦታ ሊሰጥሽ ይፈልጋል። ሰዓት ነው የምትመርጪው አምባር?» አለቻት።

«ቁጥሩን» አለች ኑንዚያታ።

«የምን ቁጥር?»

«የስልክ ቁጥሩን። የሌክሲንግተኑን። እናንተ እንደሁ ልትጥሉት ነው።»

ሰው ሳቀ። ኃላፊዋም ሳቀች፤ ኑንዚያታ አለመሳቋን ስታይ ግን አቆመችና በዓይኗ ሃስኪንስን ፈለገችው። እሱ ኬኩን በእጁ እንደያዘ ከጥግ መጣ። ነገሩ ሲነገረው ለረጅም ጊዜ ኬኩን አየው።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ሚስ ካፊየሮ» አለ። «ስልኩን ሲያነሡ ኬስትረል ነው እንዳይሉ።»

«ምን ልበል?»

«ሄሎ ይበሉ።»

«ሄሎ የማንም ንብረት አይደለም?»

«እስካሁን አይደለም» አለ ሃስኪንስ። ያን ጊዜ ነው የወደድኩት።

ቁጥሩ የማንሃታን ስለሆነ ወደ ብሩክሊን ቤት አይገባም ተብሎ ነበር። ኑንዚያታ ግን ዕድሜ ልኳን ስልከኛ ነበረች፤ በስልክ መሥሪያ ቤቱ ዶሎሬስ የምትባል ፊቷን አይታት የማታውቅ፣ በድምፅ ብቻ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ አለቻት። ዶሎሬስ እዚህ ጠይቃ እዚያ ለምና፣ ወደ አሮጌው ቁጥር የተደወለ ሁሉ ቤንሰንኸርስት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲጮህ አደረገች።

ፒና አበደች። «ሁለት ስልክ! በአንድ ወጥ ቤት ሁለት ስልክ! ጄኔራል ነሽ? ጦርነት ታዋጊያለሽ?» ትላለች። ስልኩ ሲጮህ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሳትዞር፣ «ኑንዚያታ! ያ የማይነሣው ሰውዬሽ ይፈለጋል!» ብላ ትጠራለች።

እሑድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ምሳ እበላ ስለነበር ብዙውን ሰምቼዋለሁ። ኬስትረል ገና ሌክሲንግተን ያለ የሚመስላቸው ወረቀት ሻጮች ይደውላሉ። ፒሳ የሚያዙ ይደውላሉ፤ ፒና አንዱን «ፒሳ የሚሠራ ባል ነበረኝ፣ ሞተ» ብላ ዘጋችበት። አንዳንዴ ልጅ ይደውላል፤ ግን እየቀነሱ ሄዱ። ብዙዎቹ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከኩዊንስ ደወለና፣ ሰው ያነሣል ብሎ ስላልጠበቀ ደንግጦ ተንተባተበ። «ልጅ ሳለሁ... ይቅርታ እማማ፣ ሞኝነት ነው» አለ። ኑንዚያታም «ተኝቷል» አለችው። «ልቀስቅሰው?» ሰውየው «ተዪው፣ ይረፍ» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ፒና ያን ቀን እንባዋን በሽንኩርቱ አሳበበች።

ካሊፎርኒያ ፊልሙን አወጣች። የጣራው ዘበኛ በአውቶቡስ ጎን፣ በቁርስ ሣጥን፣ በሕፃን ፒጃማ ላይ ታየ። ሦስታችን ቤይ ሪጅ ሲኒማ ገባን፤ ኑንዚያታ፣ ፒናና እኔ። ሰውየው ፊልሙ ላይ ይበራል። ኑንዚያታ «ማን ነው መብረር ያስተማረው?» አለች። ቢሆንም ፊልሙ መጥፎ አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ ጎህ ሲቀድ ጣራ ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ የውሃ በርሜሎቹ ከበስተጀርባው ይታያሉ፣ ልክ ሞሪ ይስላቸው እንደነበረው፣ ትንሽ ጎበጥ ብለው፣ እንደ ሽማግሌዎች። ኑንዚያታ ክንዴን ያዘችኝ። መጨረሻ ላይ የብዙ ሰው ስም ሲያልፍ የሞሪም ስም አለፈ። አጨበጨብን፤ ያጨበጨብነው እኛ ብቻ ነበርን።

ሞሪ ፊልሙን አላየውም። ያኔ ነገር መዘንጋት ጀምሮ ነበር። ማርሲያ ሥራዋን ግማሽ ቀን አድርጋ ትጠብቀው ነበር።

የዚያኑ ዓመት መከር ላይ፣ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ኑንዚያታ አነሣች።

«ሄሎ።»

«ኑንዚ፣ ሌስተር ገብቷል?»

ሌስተር ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ኑንዚያታ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ታይ ነበር። ወዲያው ግን አፏ ራሱ ሥራውን ጀመረ።

«ገብቷል።»

«እየጮኸ ነው?»

«ዛሬ ደህና ነው። ምነው ሞሪ?»

«አልደረሰልኝም። ስድስት ገጽ ይቀረኛል። ምን ትዪልኛለሽ?»

«የማርሲያ ጥርስ እላለሁ።»

«የማርሲያ ጥርስ!» ብሎ ሳቀ። «እግዜር ይስጥሽ።»

በማግሥቱም ደወለ። በሦስተኛውም ቀን። ማርሲያ እስከዚያ አባቷ ባዶ መስመር ላይ የሚያወራ መስሏት ኖሯል፤ አንድ ቀን መቀበያውን ተቀብላው ጆሮዋ ላይ ስታደርገው የሰው ድምፅ ሰማች።

«ማን ነው?» አለች ደንግጣ።

«ኑንዚያታ ነኝ፣ ማርሲያ። ከኬስትረል።»

ማርሲያ ዞር ብላ አባቷን አየችው። ከዚያ «ሚስ ካፊየሮ፣ ከእርስዎ ጋር ካወራ በኋላ ቁርሱን ይበላል» አለቻት። «ሌላ ጊዜ ግን አይበላም።»

ከዚያ ወዲያ ኑንዚያታ ጠዋት ከቤት አትወጣም። ቅዳሴ እንኳ ወደ ማታው አዛወረች። ፒና «ለአንድ ቀጣፊ ሠዓሊ ብለሽ!» ብትልም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራድዮኗን የምትዘጋው እሷው ነበረች።

አንድ ቀን የካቲት ላይ ኑንዚያታ ደወለችልኝ። «ኤፍሬን፣ ልልክህ ነው» አለች።

«የት?»

«ሞሪ ጨርሻለሁ አለ። ተላላኪ ይምጣና ይውሰድ አለ። ማንን ልላክ?»

ባለቤቴ ካፖርቴን አቀበለችኝ። ሺፕስሄድ ቤይ ስደርስ ማርሲያ በሩን ከፈተች። ሞሪ ብርድ ልብስ በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ ከስቷል። አላወቀኝም። ወይም እንደ ሌላ ሰው አወቀኝ።

«ዘገየህ!» አለኝ።

«ባቡሩ ነው፣ ሚስተር ዜልኒክ።»

«ባቡሩ! እኔ ነኝ እንዲህ ያለ ምክንያት የምፈጥረው። ያውልህ። እንዳታጥፈው።»

አንድ ወፍራም ወረቀት ነበር የሰጠኝ። በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ጣራዎች ተስለዋል። በርሜሎች፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የርግብ ቤት፣ ሩቅ ላይ ድልድዩ። ሰው የለበትም። ነጭ ቀለሜን ለማንሣት እጄን የበላኝ አንድም ቦታ አልነበረም፤ መስመሩ ቢንቀጠቀጥም የተሳሳተ ነገር አልነበረውም።

«ዘበኛው የታለ?» አልኩት፤ ባልጠይቀው ኖሮ ተላላኪ አልመስልም ነበር።

«ገና ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ይመጣል» አለና ወደ ባሕሩ ዞረ።

ወረቀቱን በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ ለኑንዚያታ ወሰድኩላት። መስኮቱ ላይ አቁማ አየችው። ፒናም መነጽሯን ፈልጋ መጣችና አየችው። «ይሄ የኛ መንገድ ይመስላል» አለች። በማግሥቱ ጠዋት ሞሪ ሲደውል ኑንዚያታ «ሌስተር አየው፤ ምንም አላለም» አለችው።

«ምንም?»

«ምንም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።»

ሞሪ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው፤ ማርሲያ እንደነገረችን፣ ያን ቀን ሁለት እንቁላል በላ።

ግንቦት ላይ ሞተ፤ በእንቅልፉ። ማርሲያ ለዘመድ ከመንገሯ በፊት ወደ አሮጌው ቁጥር ደወለች። «ቢሮው ማወቅ አለበት ብዬ ነው» አለች። ኑንዚያታም «ቢሮው አዝኗል» አለቻት። ቀብሩ ላይ ካሊፎርኒያ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ላከች፤ ሃስኪንስም መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል። ከኩባንያው ከለቀቀ ቆይቷል፤ አሁን የልጆች ጉዳይ ጠበቃ ነው። ከኑንዚያታ ጎን ቆሞ ክንዷን ይዞ አስወጣት።

ቁጥሩን ሌላ ሁለት ዓመት ያህል አቆየችው። ከዚያ ጆሮዋ ደከመ። መጀመሪያ መስሚያ የምታደርግበት የግራ ጆሮዋ ሄደ፣ ቀኙም ተከተለ። ሰው ሲደውል «እ? እ?» ማለት ሲበዛባት፣ «እንዲህ ሆኜ ሰው አላደናግርም» ብላ ዶሎሬስን ራሷ ጠየቀቻት። መስመሩ ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ስልኩ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ቀረ፤ ፒና የማርያምን ሥዕል ሰቀለችበት።

አሁንም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ ብቻዬን ነው፣ ባለቤቴ የለችም። የሞሪ ጣራዎች ከማቀዝቀዣው በላይ በፍሬም ተሰቅለዋል። ፒና ሰማንያ ስምንት ሆኗታል፤ ድስቱን ለማንም አታስነካም። ኑንዚያታ ወንበሯን ወደ እኔ ታስጠጋና የድሮውን እንዳወራት ታዘኛለች፤ የሌስተርን ጩኸት፣ ማሞቂያው ላይ ይሰጣ የነበረውን ካልሲ። እኔም ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እየጮኽኩ አወራላታለሁ። እሷም እጇን ከጆሮዋ ጀርባ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ታዳምጣለች። ከዚያ ወደ እህቷ ዞር ብላ፣ «ፒና፣ ሰው ሁሉ እያጉተመተመ የሚያወራው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ትላለች።

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» ትላታለች ፒና።